«አትጨነቁ» የሚለው ቃል መውቀሻ አይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በዚህ የኑሮ ውድነት ዘመን «አትጨነቁ» የሚለው የጌታ ቃል በከተማችን በጎንደር ደጋግሞ ይሰበካል። መሰበኩ መልካም ነው፤ የሚያሳዝነው አሰባበኩ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው በሚያሻቅብ ቅዳሜ ገበያ ውሎ ባዶ ዘንቢል ይዞ የተመለሰ አባወራ፣ «እምነትህ ቢጠነክር እንዲህ አትሆንም ነበር» ተብሎ ከጭንቀቱ ላይ በደለኝነት ተጭኖበት ወደ ቤቱ ይገባል። ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ግን ቁጥር 25 «አትጨነቁ» ከማለቱ በፊት ቁጥር 11 «የዕለት እንጀራችንን ዛሬ ስጠን» እያልን እንድንለምን አስተምሮናል። ጌታ መጀመሪያ የመለመኛ አፍ ሰጠን፣ ከዚያ አሳረፈን።

እግዚአብሔር የተጨነቀን ቤት እንዴት እንደሚረዳ ለማስተማር 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን የሚያህል የለም። ባሏ ሞቶ አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት የመጣ ሴት ወደ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩ አልገሠጻትም። «በቤትሽ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት፤ ከአንድ ማሰሮ ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። ዛሬም መጀመር ያለብን ከዚህ ነው። የንስሐ አባትም ሆነ መጋቢ የተጨነቀ ሰው ሲመጣለት ወረቀትና እስክሪብቶ ያስይዘው፤ ስንት ኪሎ እህል፣ ስንት ሊትር ዘይት፣ የትኛው ዕዳ በየትኛው ቀን እንደሚከፈል ይጻፍ። በቀን 2 ኪሎ ዱቄት የሚጋገርበት ቤት 50 ኪሎ ካለው 25 ቀን አለው። ሌሊት ሲያገላብጠው ያደረው ፍርሃት መጠን አልነበረውም፤ አሁን ግን ቀን ተቆረጠለት፣ የሚለመነውም ነገር በስሙ ታወቀ።

ቀጥሎ ነቢዩ «ከጎረቤቶችሽ ሁሉ ባዶ ማድጋ ተዋሺ፣ አታሳንሺ» አላት። ተአምሩ ሳይጀመር ችግሯን ጎረቤት አወቀ ማለት ነው። እዚህ ላይ እኛ ጎንደሬዎች እንቸገራለን፤ ገመና ይሸፈን እንላለን፣ ሰውም በዝምታው ውስጥ ይራባል። ዕቁብ ያለው ሰው ችግሩን ለሰብሳቢው ቢያስረዳ፣ ዕጣ የወጣለት አባል ተራውን ሊለቅለት ይችላል። እድር ለቀብር ብቻ እንዲሆን ያደረግነው እኛው ነን፤ መተዳደሪያ ደንቡ በአባላት ጉባኤ ይሻሻላል። ሰንበቴና ማኅበር የሚጠጣበት ቀንም የማን ቤት ጭስ እንደጠፋ ለመጠያየቅ ይመቻል። አራጣ ግን አይነካ። ማበደሩ በሕግ ወንጀል ነው፣ ተበዳሪውም ወለዱን ሲከፍል ዋናው እንዳለ ይቀመጥበታል።

ከዚያ በር ዘግታ ያንን ዘይት በማድጋዎቹ ቀዳች፣ ሁሉም ሞሉ፤ ጸሎቱ እዚህ ነው። በፊልጵስዩስ 4፥6 ሐዋርያው ልመናን ከምስጋና ጋር ያያይዘዋል። የነግህን ጸሎት ጠዋት በ12 ሰዓት የሚያደርስ ሰው የዚያን ዕለት ጉድለት ብቻ በስም ጠርቶ ይለምን፤ የሰርኩን ወደ ማታ በ11 ሰዓት ሲያደርስ በቀኑ የተገኘውን፣ አንድ ኪሎ ሽሮም ቢሆን፣ ቆጥሮ ያመስግን። የወሩን ሁሉ ጭንቀት በአንድ ጸሎት ማውረድ ያደክማል፣ ብዙዎችም ጸሎታቸውን የሚያቋርጡት በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ ነቢዩ ዘይቱን ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በቀረው ኑሩ አላት። ዕዳ ቀደመ። ደግሞም ከዚያ ዘይት ለራሱ አንዲት ጠብታ አልጠየቀም፤ ባለዕዳን ሰው «ያለህን ስጥ፣ መቶ እጥፍ ይመለሳል» የሚሉ ሰባክያን ይህን ደጋግመው ያንብቡት። የመጨረሻ ዱቄቷን ለነቢዩ ኤልያስ የጋገረችውን የሰራፕታዋን መበለት (1ኛ ነገሥት 17) ይጠቅሱ ይሆናል። ኤልያስ ግን የእርሷን እንጎቻ ወስዶ አልሄደም፤ እዚያው ቤት ከእርሷና ከቤተሰቧ ጋር ከዚያው ዱቄት በላ።

እህል ማከማቸት እምነት ማጣት ነው ወይ የሚለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ ይነሣል። በዘጸአት 16 ለአንድ ሰው አንድ ጎሞር (የመስፈሪያ ስም ነው) መና ተፈቀደ፤ ከታዘዘው ውጭ ያሳደሩት ተልቶ ሸተተ፣ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሰብስበው ለሰንበት ያሳደሩት ግን አልተበላሸም። ዮሴፍም በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ፣ ከ100 ኪሎ 20 ኪሎ ማለት ነው፣ ሕዝብም ተረፈበት። እንግዲህ ለታወቀ ጊዜ በልክ ማስቀመጥ ይገባል። መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ አምስት ኩንታል የሚገዛ ሰው ግን የጎረቤቱን ዋጋ ያስወድዳል። የሚቀመጠውም በደንብ ፀሐይ ይምታው፤ እርጥብ እህል ይሻግታል። በቆሎና ማሽላ ነቀዝ ቶሎ ስለሚገባባቸው አስቀድመው ይበሉ፤ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ነውና ነቀዝ አይደፍረውም፣ ለኋላ ይቆይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ (1ኛ ነገሥት 19) መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም፤ የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፣ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ስለ መንገዱ የተነገረው ከበላና ከተኛ በኋላ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋውን ሰው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወደሚገኘው የአእምሮ ሕክምና እንውሰደው፤ መኖር ጠላሁ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ብቻውንም ሳንተወው። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ የታዘዘለትን ክኒን እንዲያቋርጥ ማንም አይምከረው፤ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል። መድኃኒቱን ይዞ ጸበሉ ቦታ ይሂድ፣ አስታማሚውም ሰዓቱን ጠብቆ ያስውጠው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ከጎንደር