በስቶክሆልም ለሚገኘው የስካንዲኔቪያ ባህላዊ ዳንስ ማኅበራችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ በስቶክሆልምና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም በሌሎች የስዊድን ከተሞች ሆናችሁ ይህን ጥሪ የምታነቡ ወዳጆች፤

በስቶክሆልም ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ የሚሰበሰበው የባህላዊ ዳንስ ማኅበራችን ከመጪው መጸው ጀምሮ የአዳራሹን ኪራይና የሙዚቀኞቹን ክፍያ ከራሱ ኪስ መሸፈን ስላለበት፣ የገንዘብ ድጋፋችሁን ለመጠየቅ ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ጥሪው በስዊድንኛም ወጥቷል። በአማርኛ ለብቻው የጻፍነው ከአባሎቻችን መካከል ከኢትዮጵያ የመጡና እዚሁ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለዱ ጥቂት የማይባሉ ሰዎች ስላሉ፣ እንዲሁም «የፈረንጅ ጭፈራ እኛን ምን አገባን?» የሚል ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልን፣ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት መልሱን በቋንቋችን ማስረዳት ተገቢ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

በአዳራሻችን የሚደነሱት ከስዊድን ፖልስካ፣ ሃምቦ፣ ስኖአ፣ ሾቲስና ቫልስ፣ አልፎ አልፎም ከኖርዌይ ስፕሪንጋር ናቸው። አብዛኞቹ የጥንድ ዳንሶች ሲሆኑ ሁለቱ ሰዎች ተያይዘው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ እየተሽከረከሩ፣ ጥንዶቹ ሁሉ አንድ ላይ ደግሞ አዳራሹን በተቃራኒው አቅጣጫ ይዞሩታል። በእስክስታ ያደገ ትከሻ እዚህ ሥራ ይፈታል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል ጸጥ ብሎ የሚሠራው ጉልበትና እግር ነው። በሙዚቃው በኩል ግን የእኛ ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንም። የፖልስካ ሦስት ምቶች በኖታ ላይ እኩል ሆነው ቢጻፉም ሲጫወቱት እንደየመንደሩ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ በቺክቺካ ምት ያደገ ጆሮ ይህን ማዘንበል ከሌሎች ጀማሪዎች ቀድሞ የሚይዘው ይመስለናል። ዜማውን የሚጫወቱት ቫዮሊንና ኒኬልሃርፓ ናቸው። ኒኬልሃርፓ በተለይ በኡፕላንድ አውራጃ ሥር የሰደደ፣ እንደ ማሲንቆ በቀስት የሚመታ መሣሪያ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት የሚታየው ዓይነት ዐሥራ ስድስት ክሮች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ ዐሥራ ሁለቱ ሳይነኩ የሚያስተጋቡ ናቸው።

ዳንሱ የስዊድን ነው ስንል ከዚሁ መሬት ብቻ በቅሏል ማለታችን አይደለም። ፖልስካ የስዊድንና የፖላንድ ቤተ መንግሥታት በቅርብ በተሳሰሩበት ዘመን አካባቢ ከፖላንድ በኩል የገባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1599 ድረስ ሁለቱንም አገሮች የገዛው አንድ ንጉሥ፣ ሲጊስሙንድ፣ ነበር። ፖልካ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቦሄሚያ ተነሥቶ አውሮፓን ሲያዳርስ እዚህም ደርሷል። ገበሬው የመጣውን ሁሉ ተቀብሎ እንደየአጥቢያው ልማድ ለወጠው፤ አንዱ አጥቢያ የሚደንሰው ፖልስካ ከጎረቤቱ እንዲለይ ያደረገውም ይህ ነው። እኛም ብንመጣ ይህ ዳንስ እንግዳ ሲቀበል የመጀመሪያው አይሆንም።

የዳንሱ ሰዎች በሁለት መንገድ ይዘውት መጥተዋል። የመጀመሪያው የመድረክ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1880 በኡፕሳላ የተማሪዎቹ ማኅበር ፊሎኮሮስ፣ በ1893 ደግሞ በስቶክሆልም የስዊድን ባህላዊ ዳንስ ወዳጆች ማኅበር ተቋቁመው ባለ ባህል ልብስ ዳንሰኞችን ለሕዝብ ማሳየት ጀመሩ። ሁለተኛው መንገድ የጎላው በ1970ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ ወጣቶች ወደ ገጠር እየሄዱ፣ በልጅነታቸው በሠርግና በጎተራ ወለል ላይ የደነሱ አዛውንቶችን እየጠየቁና እየቀረጹ፣ ለተመልካች ሳይሆን ለራሳቸው ለዳንሰኞቹ ደስታ የሚደነሰውን ፖልስካ አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ማኅበራችን የሚከተለው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ስለዚህ ከምንጠይቃችሁ ገንዘብ ለልብስ የሚውል አንድም ክሮና የለም። በእጅ የተሰፋ የአንድ አውራጃ ሙሉ የባህል ልብስ በብዙ ሺህ ክሮና የሚገመት ነው፤ ያለው ሰው ለብሶት ቢመጣ ደስ ይለናል፣ ነገር ግን በጂንስና በቲሸርት የመጣ ሰው ከእርሱ እኩል እንደሚደንስ ደጃፉ ላይ ሳይቀር ጽፈናል።

ድጋፉን የሚጠይቀው ሥራ እንዴት እንደሚካሄድ በዝርዝር ማስረዳት ይገባናል። የባህል ዳንስ ማኅበር የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን አዲስ ሰው ሲመጣ ነባሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ስለሚደንሱ ነው። እንግዳው ግድግዳ ተደግፎ አንድ ምሽት ያሳልፋል፣ በሁለተኛው ሳምንት አይመለስም፣ ከዓመታት በኋላም አዳራሹ ውስጥ የሚቀሩት አብረው ያረጁ ጥንዶች ብቻ ይሆናሉ። ይህን ለመከላከል የምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ለጀማሪዎች የተተወ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ቢያንስ አራት ነባር አባላት የመገኘት ግዴታ አለባቸው፤ ግዴታቸውም ማስተማር ብቻ ሳይሆን ብቻውን የቆመ ሰው ካለ ሄደው እንዲደንስ መጋበዝ ነው። ከእያንዳንዱ ዜማ በኋላ ጥንዶች ይቀያየራሉ። ማንም ሰው ማንንም መጋበዝ ይችላል፤ ሴት ሴትን፣ አዛውንት ወጣትን ቢጋብዝ የሚገርመው የለም። የተጋበዘ ሰውም ምክንያት ሳይሰጥ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ይችላል፤ ይህ በየምሽቱ መግቢያ ላይ ጮክ ተብሎ ይነገራል።

በሃይማኖቱ ወይም በራሱ ምርጫ ከተቃራኒ ጾታ ጋር ተቃቅፎ መደነስ የማይፈልግ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ለእንዲህ ያሉ አባላት በየምሽቱ ሎንግዳንስ የሚባለውን፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ በረጅም ሰልፍ የሚደነሰውን ዳንስ እናስገባለን፤ በዚህ ሰልፍ ሰው ከማን አጠገብ እንደሚቆም ራሱ ይመርጣል፣ ልጆችም ያለ ምንም ትምህርት ይቀላቀላሉ። በአዳራሹ አልኮል የለም። በእረፍቱ ሰዓት ቡናና የቀረፋ ዳቦ ይቀርባል፤ በዐቢይ ጾም የሚጾሙ እናቶች አሳስበውን ቅቤና ወተት የሌለበት ዳቦና የአጃ ወተት ዓመቱን ሙሉ እንዲኖር አድርገናል፤ ለነገሩ አሁን ይህን ዳቦ ከጾመኞቹ ይልቅ የስዊድን ወጣቶች ናቸው ቀድመው የሚጨርሱት። በጾም ወራት መደነስ የማይፈልጉ አባላት መጥተው ሙዚቃውን ያዳምጣሉ፣ ቡና ያፈላሉ፣ ከሰው ይጫወታሉ፤ ይህም ሙሉ ተሳትፎ ነው።

ሌላም በግልጽ መነሣት ያለበት ጉዳይ አለ። በዚህ አገር የባህል ልብስና ሙዚቃ «ስዊድናዊ ማን ነው?» በሚለው የፖለቲካ ክርክር ውስጥ እንደ አጥር ሲተከሉ አይተናል፣ ከወገኖቻችን አንዳንዶቹም በዚሁ ምክንያት ወደ እንዲህ ያለ ቦታ መምጣት ይከብዳቸዋል። ሥጋታቸው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2010 የባህል ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ተሰባስበው ሙዚቃቸው ለመጤ ጥላቻ መሣሪያ እንዳይሆን በይፋ መቃወማቸው መታወቅ አለበት። በእኛ አዳራሽ የሚጫወቱትም የዚሁ አስተሳሰብ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። እስከ ዛሬ የአዳራሹን ኪራይ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍንልን የነበረው ስቱዲየፎርቡንድ ከሚባሉት የሕዝብ ትምህርት ማኅበራት አንዱ ነበር። እነዚህ ማኅበራት በመላው ስዊድን ለመዘምራን፣ ለቋንቋ ክበቦች፣ ለሙዚቃ ቡድኖችና ለእንደኛ ዓይነቶቹ ስብስቦች ቦታና ድጎማ የሚሰጡ ሲሆን፣ በርካታ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትም በእነርሱ ክፍሎች ተሰብስበዋል። መንግሥት ከ2024 ጀምሮ ለእነርሱ የሚሰጠውን ገንዘብ ደረጃ በደረጃ ስለቀነሰ፣ የእኛም ድጋፍ ተቋርጧል። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሌላ ጊዜ ትተን፣ ከመጸው እስከ ፀደይ ባሉት ሠላሳ ምሽቶች የሚያስፈልገንን እንናገር። አዳራሹ በምሽት 1,100 ክሮና፣ በድምሩ 33,000 ክሮና ያስወጣል። ሁለት ሙዚቀኞች በምሽት 1,500 ክሮና፣ በድምሩ 45,000 ክሮና ይከፈላቸዋል። ለጀማሪዎች በውሰት የሚሰጡ የቆዳ ሶል ያላቸው ጫማዎችን ለመግዛትና ለማደስ 4,000 ክሮና ይዘናል። ጠቅላላው 82,000 ክሮና ሲሆን፣ ከአባልነት ክፍያና ከዳቦ ሽያጭ 30,000 ክሮና እናገኛለን ብለን እንገምታለን። የቀረውን 52,000 ክሮና ነው ከእናንተ የምንጠይቀው።

«ርካሽ አዳራሽ አትፈልጉም ወይ? ሙዚቃውንስ ከስልክ ብትከፍቱት?» የሚሉን አሉ። የትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ በግማሽ ዋጋ ቀርቦልን ነበር። ወለሉ ግን በሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ፕላስቲክ በመሆኑ ጫማ ይይዛል፤ በፖልስካ ደግሞ እግር ወለሉ ላይ ተንሸራቶ መዞር አለበት፣ እግር ተይዞ አካል ሲዞር የሚጎዳው ጉልበት ነው። ከአባሎቻችን ግማሽ ያህሉ ከስድሳ ዓመት በላይ ስለሆኑ በፓርኬ ወለል ጉዳይ አንደራደርም። ስለ ሙዚቃውም ቢሆን፣ የተቀረጸ ዜማ ጀማሪን አይጠብቅም። ልምድ ያለው ሙዚቀኛ ዓይኑን ከዳንሰኞቹ እግር ላይ ሳይነቅል ስለሚጫወት፣ ጀማሪዎቹ ሲደነቃቀፉ ምቱን ያጎላላቸዋል፣ መዞሩ ሲገባቸው ፍጥነቱን ይመልሳል፤ ማንም ሳያፍር የሚማረው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ግምት ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ከፍተኛውን ጥቅም የሚሰጠው ይህ ነው።

የአባልነት ክፍያውን ከፍ በማድረግ ጉድለቱን መሙላት እንችል ነበር። ይህን ያላደረግነው ገና ስዊድንኛ እየተማሩ ያሉ፣ ሥራ የሚፈልጉና በጡረታ የሚኖሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚቀሩት በዚያ ምክንያት መሆኑን ስለምናውቅ ነው። በተለይ ለአዲስ መጤዎች ከቋንቋ ትምህርት ቤት ውጭ ከስዊድናውያን ጋር ዘና ብሎ የሚያገናኝ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ በዳንስ ወለል ላይ ደግሞ ብዙ ቃል ሳያስፈልግ ሰው ከሰው ይተዋወቃል፣ በእረፍቱ ሰዓትም ወሬው በራሱ ጊዜ ይመጣል።

የሚሰበሰበው ገንዘብ ከተጠየቀው ካነሰ፣ መጀመሪያ የምንቀንሰው ከሁለቱ ሙዚቀኞች አንዱን ነው፤ ቀጥሎም የምሽቶቹን ቁጥር እናሳጥራለን። የጀማሪዎቹ ሰዓት ግን አይነካም። ከተጠየቀው በላይ ከተገኘ፣ ትርፉ በሐምሌ (ጁላይ) የመጀመሪያው ረቡዕ በዳላርና አውራጃ በምትገኘው በቢንግሼ መንደር እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ወደሚካሄደው ትልቅ የሙዚቀኞች ስብሰባ ወጣቶቻችንን ለመውሰድ ይውላል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው በየደጃፉ ሲጫወትና ሲደንስ ማየት በአዳራሽ ውስጥ ከሚሰጥ ብዙ ወር ትምህርት ይበልጣል።

ለማኅበራችን የሚሰጥ ስጦታ የግብር ቅናሽ እንደማያስገኝ አስቀድመን እናሳውቃለን። ገንዘቡን በስዊሽ ወይም በባንክ ማስተላለፍ ይቻላል፤ የማኅበሩ የስዊሽ ቁጥር በአዳራሹ መግቢያ ላይ ተለጥፏል፣ ከማንኛውም የሥራ አመራር አባልም ማግኘት ይቻላል። ስትልኩ በመልእክቱ ቦታ ላይ «ለዳንስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስማችሁ እንዳይገለጽ ከፈለጋችሁም ይህንኑ ጨምሩበት። ገንዘብ መስጠት የማይመቻችሁ ጫማ፣ የቡና ጀበና ወይም አንድ ምሽት ልጆችን የመጠበቅ ጊዜ ብትሰጡን በደስታ እንቀበላለን። ሒሳቡ ከሥራ አመራሩ ውጭ በሆኑ ሁለት ኦዲተሮች ተመርምሮ በዓመታዊው ጉባኤ በስዊድንኛና በአማርኛ ይቀርባል፤ ለጋሾች አባል ባይሆኑም ጉባኤው ላይ ተገኝተው መጠየቅ ይችላሉ። የመጀመሪያው ምሽት በመስከረም (ሴፕቴምበር) ሁለተኛው ሐሙስ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ ጫማም እዚያው ይገኛል።

የማኅበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ