የፋይዳ መዝጋቢዎች ስክሪኑን ወደ ሰዉ ያዙሩት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ድሬዳዋ ውስጥ ለፋይዳ (ለብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ) ምዝገባ የሚያመነታ ሰው “ያልገባው” እየተባለ ይታለፋል። ጥያቄው ግን ቀላል ነው፦ “አቦ፣ ዓይኔ ደግሞ ምን ያደርግላችኋል?” አሥሩ ጣት፣ ሁለቱ ዓይንና ፊቱ የሚወሰዱት አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ለማመሳከር ነው። ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ያልቃል፤ ወፍራም ሂናም የጣት አንባቢውን ያስቸግራል። ያኔ ዓይኑ ይደርስለታል። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል።

የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ደግሞ “ገቢዎች ያየዋል ወይ?” ይላል። “ኧረ ምን አገናኘው” ብሎ መሸኘት ትልቁ ጥፋት ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከፋይዳ ጋር እየተያያዘ ነው፤ ነጋዴው ይህን ከሰው ሲሰማ፣ ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅም፣ ምዝገባው በነጻ ነው የተባለውን እውነትም አብሮ ይጥለዋል። በ2016 የወጣውን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 ብትጠቅሱለትም አይሰማችሁም።

ዋናው ጣጣ ስም ላይ ነው። ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም ይጻፋል። “መሐመድ”ን በላቲን አንዱ በአንድ፣ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል፤ ፋይዳው ላይ ያለው ስም ከባንክ ደብተሩ ሲለይ ባንክ ቤት ይመልሰዋል። መዝጋቢው መረጃውን ከመላኩ በፊት ስክሪኑን ወደ ባለጉዳዩ አዙሮ ፊደል በፊደል ያስተያይ። ማንበብ ለማይችል በሶማልኛም ይሁን በኦሮምኛ ያንብብለት፤ ወረፋው እንዳይሰማ ግን ቀስ ብሎ።

ስልክም እንዲሁ። የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በተመዘገበው ቁጥር ነው። የጎረቤት ልጅ ቁጥር ያስያዙ እናት ኮዱን ባስፈለጋቸው ቁጥር ልጁን ሊፈልጉ ነው። የፋይዳ ቁጥሩ መልእክት ዘገየ ብሎ ሌላ ጣቢያ መመዝገብ ደግሞ ነገሩን ያወሳስባል፤ ሁለተኛው ምዝገባ ድግግሞሽ ተብሎ ይወድቃል። ካርዱ ፊት ላይ ያለው ቁጥር 16 አሃዝ ነው፤ አገልግሎት ሲጠየቅ እሱን መስጠት፣ በመልእክት የሚመጣውን ባለ12 አሃዝ የፋይዳ ቁጥር ለራስ መያዝ።

ምን እንደሚወሰድ፣ ለምን እንደሚወሰድና የትኞቹ መሥሪያ ቤቶች እንደተያያዙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጽፎ በየጣቢያው በር ላይ ይለጠፍ። ገቢዎችም ጭምር ይጻፍ።

ከምዝገባ ባለሙያዎች፣ ድሬዳዋ