ግድግዳ ከማፍረሳችን በፊት ምርመራ የምንጠይቅበትና የምናስከፍልበት ምክንያት፡ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፉት ሳምንታት ከብዙዎቻችሁ የቅሬታ መልእክት ደርሶናል። አንደኛው ቅሬታ ቀድሞ በነፃ እናደርገው የነበረውን የግድግዳ ምርመራ በክፍያ ማድረጋችን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የመዋቅር መሐንዲስ አስተያየቱን በጽሑፍ ሳይሰጥ በቤት ውስጥ ያለን የትኛውንም ግድግዳ አንነካም ማለታችን ነው። በተለይ ሥራቸው ተጀምሮ ሳለ ውሳኔው የደረሰባቸውና ሳሎናቸው በላስቲክ ተሸፍኖ 11 ቀን የጠበቁት ቤተሰብ መቆጣታቸው ተገቢ ነው። አስቀድመን ማሳወቅ ነበረብን፤ አላሳወቅንም፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን። ስለ ውሳኔው ራሱ ግን ይቅርታ ልጠይቅ አልችልም።

«ሌሎች ሠራተኞች በግማሽ ቀን ያፈርሱልኛል» ብለው የጻፉልኝ ደንበኛ አሉ። እውነታቸውን ነው። ማፍረስ ከሥራችን ሁሉ ቀላሉ ነው፤ እኔም ወደዚህ ሙያ የገባሁት መዶሻ ተሸክሜ፣ ፍርስራሽ በጆንያ እያወረድኩ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ባዶ ነው፣ ጣለው» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ለብዙ ዓመታት እንደ እርሳቸው ሳንኳኳ ኖሬያለሁ። የማንኳኳት ድምፅ የሚነግረን ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ብቻ ነው፤ ምን እንደተሸከመ አይነግረንም። በእንጨት ቋሚዎች ላይ በጂፕሰም ቦርድ የተሸፈነ፣ ሲመቱት እንደ ከበሮ የሚጮህ ግድግዳ ሙሉ ፎቅ ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል፤ ድፍንና ወፍራም የጡብ ግድግዳም ከራሱ ክብደት በቀር ምንም ያልተሸከመ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቻችሁ «ቀጭን ስለሆነ ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ግድግዳ ነው» ትሉናላችሁ፤ ውፍረት ግን ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

መሐንዲሱ የሚመለከተው ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ከግድግዳው በላይ ያለውን ይፈልጋል፦ ኮርኒሱን ከፍቶ የወለሉ ወይም የጣሪያው ተሸካሚ እንጨቶች በየት አቅጣጫ እንደተዘረጉ ያያል። እንጨቶቹ ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉ ወይም አናቱ ላይ የሚያርፉ ከሆነ ግድግዳው ጭነት ተሸካሚ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ ከግድግዳው ጎን ለጎን የሚሄዱ ከሆነ ዕድሉ ያንሳል፤ ቢሆንም አይጠፋም። ቀጥሎ በላይኛው ፎቅ ላይ ልክ በዚያው መስመር ሌላ ግድግዳ መኖሩን፣ በታች ደግሞ ግድግዳው በመሠረት ወይም በቢም (ጭነት በሚሸከም አግዳሚ) ላይ መቆሙን ያጣራል። የቤት ውጫዊ ግድግዳዎች በአብዛኛው ተሸካሚ ናቸው። ጣሪያው ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ በሚደርስ ትራስ (በሦስት ማዕዘን ቅርጽ በተገጣጠመ የጣሪያ ተሸካሚ) የተሠራ ከሆነ የውስጥ ግድግዳዎች ከጣሪያው ምንም ላይቀበሉ ይችላሉ፤ በመካከል ድጋፍ የሚፈልግ ጣሪያ ከሆነ ግን ያ ድጋፍ ብዙ ጊዜ እናንተ ልታስነሡት የፈለጋችሁት ግድግዳ ሆኖ ይገኛል።

«የእኔ ቤት በኮለን (በቋሚ ምሰሶ) እና በቢም የቆመ ነው፤ ብሎኬቱ መሙያ ብቻ ነው» ላላችሁኝም መልስ አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናችሁ፤ በእንዲህ ያለ ሕንፃ ጭነቱን የሚያወርዱት ኮለኖቹና ቢሞቹ ናቸው። ነገር ግን ሶሌታ (የአርማታው ወለል) በዓመታት ውስጥ በጥቂቱ ይረግባል፤ ሲረግብም ከሥሩ ያለውን መሙያ ግድግዳ ይጫነዋል፤ ሲሠራ ምንም ያልተሸከመው ግድግዳ ከጊዜ በኋላ ተሸካሚ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ የመሙያ ግድግዳ ሕንፃው በንፋስና በመሬት መንቀጥቀጥ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ያግዛል። የምድር ቤቱን ግድግዳዎች አንሥቶ የላይኞቹን መተው የታችኛውን ፎቅ ከላዮቹ ይልቅ ልል ያደርገዋል፤ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ብዙ ሕንፃዎች የሚሰበሩት በዚሁ ደካማ ፎቅ ነው። ወጥ የአርማታ ግድግዳ ከሆነማ ወሬው አያስፈልግም፤ ያለ አዲስ የመዋቅር ስሌት አይነካም። የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር ጉዳይም አለ፤ እርሱ ቢያንስ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይታወቃል።

ክብደቱን በቁጥር ላሳያችሁ። የአርማታ ክብደት በሜትር ኩብ 2500 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ሰውና ዕቃ ሳይኖርበት በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በግራና በቀኝ 4፣ 4 ሜትር ስፋት ያላቸውን ክፍሎች የሚለይ ተሸካሚ ግድግዳ ከየክፍሉ ግማሹን ይቀበላል ብንል፣ በግድግዳው ውስጥ 3 ሜትር ክፍተት ስናወጣ ከዚያ ክፍተት በላይ ያለው የሶሌታ ክብደት ብቻ 4500 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለመኖሪያ ቤት በተለምዶ የሚታሰበውን በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም የሰውና የዕቃ ጭነት ስንጨምርበት ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ይህ የአንድ ፎቅ ብቻ ነው፤ የወለል ንጣፉንና የላይኛውን ግድግዳ አልቆጠርኩም። ግድግዳው በግማሽ ቀን ሊወርድ ይችላል፤ ሰባቱ ቶን ግን የትም አይሄድም፤ ሌላ መውረጃ ይፈልጋል።

አሁን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልጽፍ ነው። ድርጅቱን በከፈትኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአንድ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ቀጭን ግድግዳ እንዳነሣ ተጠራሁ። አንኳኳሁት፤ ባዶ ነው አልኩ፤ አወረድኩት። ምንም አልሆነም። ባለቤቶቹ በሰፊው ክፍል ተደስተው ከፈሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደውለው የላይኛው መኝታ ቤት በር አልዘጋ እንዳለ ነገሩኝ። ሄጄ ሳየው ከበሩ ማዕዘን ተነሥቶ ሽቅብ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አለ፤ ወለሉም ሲረግጡት ይረግባል። ኮርኒሱን ስንከፍት የወለሉ እንጨቶች አንድ ወጥ አልነበሩም፤ ከግራና ከቀኝ የመጡ ሁለት ቁራጮች ሆነው ጫፎቻቸው ተደራርበው ያርፉ የነበሩት በዚያው እኔ ባነሣሁት ግድግዳ አናት ላይ ነው። ለሦስት ሳምንታት ወለሉን የያዙት ጥቂት ሚስማሮችና የወለሉ ጣውላ ነበሩ። ከበላዩ ሁለት ሕፃናት ይተኙ ነበር። በዚያች ሌሊት በፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ቋሚ) ደግፈን አደርን፤ በኋላም የብረት ቢሙን፣ ልስኑንና ቀለሙን በራሴ ወጪ ሠራሁ። ኪሳራውን ለመክፈል ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ቤት ሊወድቅ ሲል የሚያስጠነቅቅ ታላቅ ድምፅ የሚሰማ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ እኔ የሰማሁት የማይዘጋ በር ብቻ ነበር።

ጉዳዩ የአሮጌ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና ሀርቢን ከተማ በአንድ ባለ 31 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይ ለእድሳት ብሎ ተሸካሚ ግድግዳዎችን አስነሥቶ፣ ስንጥቁ እስከ 21ኛው ፎቅ ወጥቶ ከ200 በላይ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደርገዋል።

ወደ ክፍያው ልመለስ፤ የብዙዎቻችሁ ቅያሜ እዚህ ላይ ነውና። ምርመራው ቀድሞ በነፃ ነበር ስንል እውነቱን አልተናገርንም። ወጪውን የምንሸፍነው ከማፍረሱ ሥራ ነበር። ይህ ማለት ግድግዳውን የሚመረምረው ሰው የሚከፈለው ግድግዳው ከወረደ ብቻ ነው ማለት ነው። «አይነካም» ብዬ የወጣሁባቸው ቤቶች ሁሉ ኪሳራዬ ነበሩ፤ በክፉ ወር «ይወርዳል» የሚለው ቃል ወደ አፌ ፈጥኖ ይመጣ እንደነበር ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። «ክፍያው ከሥራው ሒሳብ ላይ ይቀነስልን» የሚለውን ጥያቄያችሁን ያልተቀበልነውም በዚሁ ምክንያት ነው። መሐንዲሱ የእኛ ሠራተኛ አይደለም፤ መልሱ «ይነሣ» ቢሆንም «አይነሣ» ቢሆንም የሚከፈለው እኩል ነው። በዚህ ክፍያ ላይ እኛ ምንም አንጨምርም፤ ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ ደንበኛ ማየት ይችላል።

የማንሣቱ ሥራም ዋጋው ጨምሯል፤ አልክድም። ተሸካሚ ግድግዳ ሲነሣ በመጀመሪያ በሁለቱም ጎን ፑንቴሎ ይቆማል፤ የፑንቴሎው እግር ወለሉን እንዳይበሳ በወፍራም ጣውላ ላይ ያርፋል፤ ከሥር ሌላ ፎቅ ካለ እርሱም ይደገፋል። ከዚያ ቢሙ ይገባል፤ ሁለቱ ጫፎቹ የሚያርፉበት ቦታ ጭነቱን መቻሉ ይረጋገጣል፤ ምክንያቱም ቀድሞ በግድግዳው ርዝመት ተበትኖ ይወርድ የነበረው ክብደት አሁን በሁለት ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። በቢሙና በላይኛው አካል መካከል ያለው ክፍተት በሞርታር (በሲሚንቶና በአሸዋ ድብልቅ) ተጠቅጥቆ እስኪጠነክር ድጋፉ አይነሣም። አርማታ ከሆነ ደግሞ የተሰላለት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ «ለምን ይህን ያህል ቀን ብረት ተገትሮብን ይከርማል» ለምትሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። ብረቱም፣ ፑንቴሎውም፣ የሠራተኛውም ደመወዝ እንደ ቀድሞው አይደለም። ሠራተኞቼን አልቀነስኩም፤ አብዛኞቹ ከእኔ ጋር የጀመሩ ናቸው፤ እናንተም በስማቸው ታውቋቸዋላችሁ።

ከእናንተ ብዙዎቹ የመጀመሪያ ቤታችሁን ያደስንላችሁ፣ ከዚያም ልጆቻችሁን የላካችሁልን ናችሁ። ስለዚህ «ገንዘብ ፈላጊ ሆናችኋል» የሚለው ቃል ከእናንተ ሲመጣ ከማንም በላይ ከብዶኛል። ባትስማሙም እንኳ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ቢሮ መጥታችሁ ብታነጋግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከውሳኔው በፊት ውል ለፈጸማችሁ ሁሉ የምርመራውን ክፍያ የምንሸፍነው እኛ ነን፤ ለተጓተተውም ጊዜ የጉልበት ዋጋ አንጠይቅም። ከእንግዲህ ወዲያ የምርመራው ሪፖርት የእናንተ ንብረት ነው። ዋጋችን ካልተስማማችሁ ወስዳችሁ በሌላ ባለሙያ ማሠራት ትችላላችሁ፤ ይህን በማድረጋችሁ አንቀየማችሁም። የምንለምናችሁ ሰውየው መዶሻውን ከማንሣቱ በፊት እንድታሳዩት ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት