የፍልስፍና ክበብ፦ «ቲቸር፣ ይሄማ ምክር አይደለም!»

ዘንድሮ የያዝነው ርዕስ ኤግዚስቴንሻሊዝም ነው፤ ሰው ነጻ ነው፣ ማንነቱንም በምርጫው ራሱ ይሠራል የሚል ፍልስፍና። ስሙ ያስፈራል፤ ምዝገባ ላይ ስሙን ብቻ አይተው ወደ ድራማ ክበብ የሄዱ አሉ፣ አንፈርድባቸውም።

ርዕሱን የመረጡት የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. አገር አቀፍ ፈተናውን ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥም ታላቅ ወንድሙ ወይ እህቱ ቤት የቀረበት ልጅ ፈልጎ ማግኘት አይከብድም። ልጆቹን የሚያስጨንቃቸው ደግሞ ፈተናው ብቻ አይደለም። «ከወደቅኩ እኔ ማነኝ?» ነው ጥያቄው።

በኪርከጎር ጀመርን። ዴንማርካዊው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1844 ስለ ጭንቀት ሲጽፍ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል እንደሚያይ ሰው ነጻነትም ያዞራል ይላል። ይሄ ወዲያው ገባቸው፤ አለፍነው።

ዓመቱን የበላው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሳርትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር ምክር ፈልጎ ስለመጣ አንድ ተማሪው ይናገራል። የልጁ ታላቅ ወንድም በ1940 የጀርመን ጥቃት ተገድሏል፣ አባትና እናት ተኳርፈዋል፣ እናቲቱ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ታዲያ እንግሊዝ ተሻግሮ ጀርመንን ከሚወጋው የነጻ ፈረንሳይ ጦር ጋር ይሰለፍ ወይስ እናቱ ጋ ይቅር? የሳርትር መልስ፦ ነጻ ነህ፣ ምረጥ።

ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር፣ ይሄማ ምክር አይደለም!» «አቦ፣ ሰውዬው እናት የለውም እንዴ?» (ነበረችው። በሕፃንነቱ የሞተበት አባቱ ነው።)

ቀፊራ ገበያ እናቱን የሚያግዝ አንድ ልጃችን ግን አልተስማማም። «አጎቴ ሩቅም ቢሆን ሄደህ ተማር ይለኛል፣ ጎረቤት እናትህን ጥለህ የት ትሄዳለህ ይለኛል። ያንተ ጉዳይ ነው ያለኝ ሰው እስካሁን የለም» አለ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው መልክ የያዘው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ወረቀቱን ለሁለት ከፈለ፤ በግራ ሳልመርጠው የመጣብኝ፣ በቀኝ በእጄ ያለው። አንዷ ፈቅዳ ያሳየችን ላይ በግራ «የአባቴ ሕመም» ይላል፣ በቀኝ ደግሞ «ማታ ማታ መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ስሰጠው አልነጫነጭም»። ከሳርትር ንግግር ይልቅ ብዙ ያወያየን ይሄ ወረቀት ነው።

እንደኔ እንደኔ ይሄ ፍልስፍና የሚረዳው ውሳኔ ላይ ለተጣበቀ ሰው ነው። ትናንት ሰው የሞተበትን ልጅ «ነጻ ነህ፣ ምረጥ» ማለት ነውር ነው፤ እሱ የሚያስፈልገው ድንኳኑ ውስጥ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያለውን ደግሞ ወደ አማካሪ እንወስደዋለን እንጂ መጽሐፍ አናሸክመውም።

ከናዚ ካምፕ የተረፈውን፣ ሚስቱንና እናቱን እዚያ ያጣውን የቪየናውን ሐኪም ቪክቶር ፍራንክልን ለከርሞ አቆይተነዋል። አስተዳደሩ ይሄን ካነበበ ደግሞ ማራገቢያው ይሠራልን። በግንቦት ሙቀት እዚያ ክፍል ስለ ነጻ ምርጫ ሲወራ ሁሉም የሚመርጠው መውጣትን ነው።