«በሙሉ ድምፅ» አልነበረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? የከተማችን ምክር ቤት በሐምሌ ወር ስላካሄደው መደበኛ ጉባኤ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ያነበብሁትም ሦስት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም አንባቢ፣ ቀጥሎ መነጽሬን ጠርጌ፣ በመጨረሻም በዕለቱ የያዝሁትን ማስታወሻ ከጎኔ ዘርግቼ። ስለ በጀቱ፣ ስለ ኮብልስቶን መንገዱና ስለ መንገድ መብራቱ የተባለውን ለሌሎች እተወዋለሁ። እኔን ብዕር ያስያዘኝ በአራተኛው አንቀጽ ላይ ያለችው አንዲት ሐረግ ናት። የገበያ ቦታ ኪራይ ታሪፍ ማሻሻያው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ትላለች። መጽደቁን አልክድም፤ በሙሉ ድምፅ ግን አልጸደቀም። በ1 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ነው ያለፈው።

«ይህ ሰውዬ ነገር ፍለጋ ወጥቷል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁና ማንነቴን አስቀድሜ ልናገር። በዚህችው ከተማ ማዘጋጃ ቤት 24 ዓመት ያገለገልሁ፣ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ አዛውንት ጸሐፊ ነበሩ። ድምፅ ሲሰጥ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሆነህ ቁጠር ይሉኝ ነበር። ከፊት የሚቆጥር ሰው ፊት ያያል፣ ፊት ደግሞ ሁልጊዜ የተስማማ ይመስላል፤ ከኋላ የሚቆጥር ግን የሚያየው ክንድ ብቻ ነው ማለታቸው ነበር። እስከ ጆሮ ድረስ ብቻ የወጣች እጅ ስትገጥማቸውም «ጌታው፣ ይህ ድምፅ ነው ወይስ ጋቢ ማስተካከል?» ብለው ሳይጠይቁ አያልፉም።

በሐምሌው ጉባኤ በታዛቢነት ከኋላ ከተቀመጥነው ጥቂት ነዋሪዎች አንዱ ነበርሁና እንደ ልማዴ ቆጠርሁ። ለተቃውሞ አንዲት እጅ ተነሣች። ሁለት አባላት ደግሞ ለድጋፍም ለተቃውሞም አላነሡም፤ እንዲያውም አንደኛው አፈ ጉባኤው «ድምፀ ተአቅቦ» ብለው እስኪጠሩ ድረስ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ነው ቀና ያለው። (አልነቅፈውም። በእኛ ምክር ቤት ድምፀ ተአቅቦም የራሱን ወኔ ይጠይቃል።) አፈ ጉባኤውም ውጤቱን በማይክሮፎን፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ ተናገሩ።

እንግዲህ አዳራሹ በሙሉ የሰማውን ጋዜጠኛችሁ እንዴት ሳይሰማ ቀረ? መልሱ እናንተው ባተማችሁት ፎቶግራፍ ላይ ይገኛል። ጋዜጣውን ያልጣለ አንባቢ አውጥቶ ይመልከተው። የአባላቱ እጆች ሁሉ ተነሥተዋል፤ ከሥሩም አባላቱ የታሪፍ ማሻሻያውን ሲያጸድቁ የተነሣ እንደሆነ ተጽፏል። አሁን ከእጆቹ ዝቅ ብሎ ጠረጴዛዎቹን ይመልከት። በእያንዳንዱ አባል ፊት የታሸገ ውኃ ቆሟል፤ አንዱም አልተከፈተም። ታሪፉ ለድምፅ የቀረበው ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት በጠረጴዛዎቹ ላይ የቀሩት ባዶ ፕላስቲኮች ነበሩ። ፎቶግራፉ የተነሣው ጠዋት፣ ጉባኤው እንደተከፈተ፣ የዕለቱ አጀንዳ ሲጸድቅ ነው። አጀንዳው በእርግጥም በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ አጀንዳ የሚቃወም ሰው እኔም በ24 ዓመት ውስጥ አላየሁም።

ጋዜጠኛችሁ ፎቶግራፉን አንሥቶ፣ የከንቲባውን ሪፖርት ሰምቶ፣ በሻይ እረፍት ላይ ቃለ መጠይቁን ጨርሶ ሄደ፤ ከሻይ በኋላ ወንበሩ ባዶ ነበር። በጠዋት ከአዳራሽ ወጥቶ የ10 ሰዓቱን ውጤት መጻፍ ከጋዜጠኝነት ይልቅ ወደ ነቢይነት የሚጠጋ ተሰጥኦ ነውና፣ እንዲህ ያለውን ሰው በትንሽ ከተማ ጉባኤ ላይ ማባከናችሁ ያሳዝናል። ክረምቱ መቼ እንደሚወጣ፣ የታች ገበያ ቦይ መቼ እንደሚቆፈር ቢጠየቅ ይሻል ነበር።

ቀልዱን ልተወውና ያችን እጅ ወዳነሡት ሰው ልመለስ። የታች ገበያ ሰፈር ተወካይ የሆኑ ሴት ናቸው። ስማቸውን የማልጠቅሰው በእናንተ ዘገባ የተነሣ ሌላ ጣጣ እንዳይደርስባቸው ነው። ታች ገበያ የሚባለውን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ላይኛው ገበያ ቆርቆሮ የለበሱ ሱቆች ያሉበት ነው፤ ታችኛው ደግሞ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጌሾ፣ ቅቤና የሸክላ ዕቃ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥበት ጉሊት ነው። ታናሽ እኅቴ ሽንኩርትና ቅመማ ቅመም ስትሸጥ 19 ዓመት የተቀመጠችው እዚያ ነው፤ እንግዲህ የወገንተኝነት ክስ የሚያቀርብብኝ ሰው ማስረጃውን ከእኔው ከራሴ ይውሰድ። ተወካይዋ ለተቃውሟቸው ምክንያት ያሉትን በማስታወሻዬ ላይ ይዤዋለሁ። ኪራዩ በአንድ የገበያ ቀን ከ5 ብር ወደ 15 ብር ማደጉን በጭፍን አልተቃወሙም፤ ከተማው ገቢ እንደሚያስፈልገው ተናግረዋል። ጥያቄያቸው ያለፈው ጭማሪ ሲደረግ ቃል የተገባው የውኃ መውረጃ ቦይና መጠለያ ሼድ ሳይሠራ ሁለተኛ ጭማሪ መጠየቁ በምን አግባብ ነው የሚል ነበር። ቦዩ እስኪቆፈር ጭማሪው ለስድስት ወር እንዲዘገይ ሐሳብ አቀረቡ። የደገፋቸው አልነበረም፤ እጃቸውን ግን አነሡ።

15 ብር ለጋዜጣ አዘጋጅ የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ላይሞላ ይችላል። ገበያችን ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ በዓመት 104 የገበያ ቀን ይሆናል። አንዲት ሴት አንድ ጆንያ ለምትዘረጋበት መሬት በዓመት 520 ብር ትከፍል የነበረችው አሁን 1560 ብር ትከፍላለች ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ያ መሬት መሬት አይደለም፤ ማጥ ነው። የሸክላ ሻጮቹ ጎርፍ ሲመጣ ምጣዱንና ጀበናውን በጀርባቸው አዝለው ሲሸሹ ያየ ሰው «የገበያ ቦታ» የሚለውን ቃል በታሪፍ ሠንጠረዥ ላይ ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ ለምን እንደሚከብድ የከተማ በጀት እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል። እንደኛ ባለ ከተማ የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝን የመሰለው፣ የመንግሥት ተግባር የሚባለው ወጪ በአብዛኛው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ ይሸፈናል። የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት የሚባለው፣ ማለትም የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ ቦዩ፣ ቄራው፣ የመቃብር ቦታውና ገበያው ግን ባመዛኙ የሚቆመው ከተማዋ ራሷ በምትሰበስበው ገቢ ላይ ነው። ስለዚህ የጉሊቷ ሴት 15 ብር የአገልግሎት ዋጋ ነው፤ ዋጋ የከፈለ ደግሞ ዕቃው የት እንደደረሰ ይጠይቃል። በዚያ ቀን በአዳራሹ ይህን የጠየቀች አንዲት እጅ ነበረች፤ እናንተም እሷን ሰረዛችኋት።

ዘገባችሁ በጉባኤው ላይ «የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት» መገኘታቸውን ይነግረናል። እነዚህ አካላት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ብዙ ደክሜያለሁ። በቆጠርሁት መሠረት የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ሁለት ባለ ሆቴሎች፣ አንድ የኮንስትራክሽን ባለቤትና እኛ ጡረተኞቹ ነበርን። ጉሊት የምትቸረችር አንዲት ሴት አልነበረችም፤ ጉባኤው የተጠራው በረቡዕ ቀን፣ ገበያ በሚውልበት ዕለት ነዋ! የታሪፉን ሙሉ ድርሻ የሚከፍሉት ባለድርሻ የማይባሉበት ምሥጢር ምን እንደሆነ የሚያብራራልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል። እናንተም ብትሆኑ ለአስተያየት ያነጋገራችኋቸው ሁለት ሰዎች ሁለቱም የላይኛው ገበያ ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱ የሚከፍሉት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሌላ ታሪፍ፣ በደረሰኝ ነው። ጭማሪውን መደገፋቸው አልገረመኝም። የጎረቤትን በሬ መሸጥ ማንንም አይከብድም።

አሁን ሐረጓ ያስከተለችውን ልንገራችሁ። ዘገባው በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቀራጩ ወደ ታች ገበያ ሲወርድ በአንድ እጁ ካርኒ፣ በሌላው የእናንተን ጋዜጣ አጥፎ ይዞ ነበር። እኅቴና ጎረቤቶቿ «ተወካያችን ተቃውመዋል ተብለናል እኮ፤ ነገሩ ገና ነው» ሲሉት ገልጦ አሳያቸው፤ በሙሉ ድምፅ። ከዚያ ወዲያ የደረሰው ከኪራዩ የባሰ ነው። ሴቶቹ ተወካይዋን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ አስቁመው «እዚህ ስትመጪ ለእኛ፣ እዚያ ስትሄጂ ለእነሱ» ብለው ወቀሷቸው። ብቻቸውን እጃቸውን ያነሡት ሰው፣ እጃቸውን ባለማንሣት ተከሰሱ። እኔ ሄጄ ማስታወሻዬን ባነብላቸው «ከታተመውና አንተ ከጻፍኸው የትኛው ይታመናል?» አሉኝ። ለ24 ዓመት ቃለ ጉባኤ ለጻፈ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

ምናልባት «በከተማ ምክር ቤት አንድ ድምፅ ውጤት አይለውጥም፤ ቦታም ጠቦን ነው» ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ውጤቱ አይለወጥም። ይሁን እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ሲያጸድቅ ስንት ተቃውሞ፣ ስንት ድምፀ ተአቅቦ እንደነበረ ሳትሰለቹ ትጽፋላችሁ፤ እዚያም ቢሆን ውጤቱ በአንድ ድምፅ አይለወጥም። የአዲስ አበባ እጅ ተቆጥሮ የእኛ ከተማ እጅ በጅምላ የሚገመት ከሆነ፣ በ1937 ዓ.ም. በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባና ጎንደር ብቻ የማዘጋጃ ቤትነት ማዕረግ አግኝተው ሌሎቻችን ዝቅ ባለው ረድፍ ከተጻፍንበት ጊዜ ወዲህ ብዙም ፈቀቅ አላልንም ማለት ነው። የቦታውን ጥበት በተመለከተ፣ ትክክለኛውን ውጤት ለመጻፍ የሚያስፈልገው አምስት ተጨማሪ ቃል ነው። የክብር እንግዶቹን ስምና ማዕረግ ለመዘርዘር ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ አልጠበባችሁም።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። ማን እንደደገፈና ማን እንደተቃወመ ሳይታወቅ እምነት የሚሰጠውም የሚነሣውም በምን መለኪያ ነው? እንደኛ ላሉ ከተሞች ምክር ቤቶች ድምፅ የሰጠነው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ነው። የአምስት ዓመቱ ዘመን ሲሞላ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የሚገባው ምርጫ ተራዘመ፤ በ2013 ዓ.ም. መራጭ ስንሆን ደግሞ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት እንጂ ለከተማችን ምክር ቤት አልነበረም። ስለዚህ ተወካዮቻችንን በካርድ የምንመዝንበት ጊዜ በራቀ ቁጥር በጉባኤ ላይ ያደረጉት ነገር በትክክል መዘገቡ ይበልጥ ያስፈልጋል። ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ ዘጠኝ ሆና አንድ ነብር ፈጃት ይባላል፤ ዝም ያላለችውን በግ ዝም ብላለች ብሎ መጻፍ ግን ለነብሩ ማገዝ ነው።

«አንተስ ለምን ቃለ ጉባኤውን አላያያዝህም?» ለሚለኝ፣ ጠይቄያለሁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚሰጠኝን መብት ጠቅሼ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። የተሰጠኝ መልስ ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ጉባኤ ገና ስላልጸደቀ ሊሰጥ አይችልም የሚል ነው። ይህን መልስ ለሌሎች ጠያቂዎች ስሰጥ የኖርሁት እኔው ራሴ ነበርሁና የሚገባኝን አገኘሁ። ሆኖም ያልጸደቀ ቃለ ጉባኤ ለነዋሪ የማይሰጥ ከሆነ፣ ያልተፈጸመ ድምፅ አሰጣጥስ ለጋዜጣ እንዴት ተሰጠ?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ የምትልኩት ጋዜጠኛ ልዩ ልዩ የሚባለው የመጨረሻው አጀንዳ እስኪዘጋ ይቀመጥ። ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጎኔ ቦታ እይዝለታለሁ፤ ክንድ አቆጣጠሩንም በነጻ አስተምረዋለሁ። ሁለተኛ፣ እርማቱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ በወረቀት ይታተም። እኅቴ ታሪፉን ትከፍላለች፤ በአብላጫ ድምፅም ቢሆን ጸድቋልና ክፈሉ ማለት የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው። ቀራጩ የታጠፈውን ጋዜጣ እንደገና ሲዘረጋባት ግን የተወሰነባት እንጂ የተስማማችበት አለመሆኑን የምታሳይበት፣ እሷም የምትዘረጋው አንድ ወረቀት ያስፈልጋታል።

ከአክብሮት ጋር፤

ጡረታ የወጣ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ
(ስሜንና አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ አሳውቄያለሁ።)