ማዳበሪያው ውስጥ ግሪን ካርዴ ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እዚህ ሎስ አንጀለስ ቤት የሌላቸው ሰዎች በየእግረኛ መንገዱ ስለተከሏቸው ድንኳኖች ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጻፉት እህታችን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸውን ማጽዳት እንደመረራቸው ነግረውናል። እውነታቸውን ነው። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ እናት፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው መንገድ ሊዘጋባቸው አይገባም። በዚህ አንጣላም።

ቅር ያለኝ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ጨርሶታል፣ ከእንግዲህ ኮተታቸውን ጭኖ መጣል ነው ያሉት ላይ ነው።

ፍርድ ቤቱ የጨረሰው የመኝታውን ጉዳይ ነው። ጁን 28 ቀን 2024 በኦሪገኗ ግራንትስ ፓስ ከተማ ጉዳይ 6 ለ3 ሲወስን፣ ሜዳ ላይ የሚያድርን ሰው መቅጣት ሕገ መንግሥቱ የከለከለው ጭካኔ አይደለም አለ። ዕቃ ሌላ ነው። በ2012 የ9ኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ላቫን በሚባለው መዝገብ ያየው የዚሁ የሎስ አንጀለስን ጉዳይ ነበር። መንገድ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ሊታጠቡ፣ ሊበሉ ዞር ሲሉ የከተማው ሠራተኞች ዕቃቸውን ጭነው አጥፍተውታል። ፍርድ ቤቱም ባለቤቱ እስካልጣለው ድረስ መንገድ ላይ ያለ ዕቃም ንብረት ነው፣ ዝም ብሎ ወስዶ ማጥፋት አይቻልም አለ።

የከተማችን ደንብ ቁጥር 56.11ም ገደብ አለው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ማስቀመጥ የሚፈቀድለት 60 ጋሎን በሚይዝ ማጠራቀሚያ የሚገባውን ያህል ነው። በእኛ ስፍር 11 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። የሰው ሙሉ ኑሮ! የተነሳው ዕቃ ደግሞ አደገኛ ወይም የሚበላሽ ካልሆነ መጋዘን ውስጥ 90 ቀን ይቆያል። ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ካለ የደረሰብኝን ልንገረው።

ከ11 ዓመት በፊት፣ በሌላ ስቴት፣ ሥራ አጥቼ ድንኳን ውስጥ አድሬያለሁ። ለአገሬ ሰው ስናገረው ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ያለኝ ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ነበር። ብርድ ልብስ፣ የሥራ ጫማ፣ በፌስታል የተጠቀለለ ግሪን ካርድና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ፣ እናቴ ቦሌ ስትሸኘኝ ከትከሻዋ አውልቃ የሰጠችኝ ነጠላ። በአራተኛው ወር አንድ ማለዳ ገላዬን ታጥቤ ስመለስ ቦታው ተጠርጓል። ማን እንደወሰደው፣ የት እንዳለ የሚል ወረቀት አልተለጠፈም። የጠየቅኩት ሁሉ "እኛ አይደለንም" አለኝ።

በዚያው ሳምንት የፓርኪንግ ሥራ ተገኘልኝ። "ወረቀትህን ይዘህ ና" አሉኝ። ምን ይዤ ልሂድ? ፖስታ የሚቀበልበት አድራሻ የሌለው ሰው ግሪን ካርድ ሲያስተካ ምን እንደሚያይ የደረሰበት ያውቀዋል። ሰባት ወር ፈጀብኝ። ሰባቱንም ወር እዚያው ድንኳን ውስጥ ከረምኩ። ካርዱስ ተተካ። እናቴ ግን አሁን በሕይወት የለችም፣ ነጠላዋም የለም።

እህቴ፣ እርስዎን አንድ ነገር ልለምንዎት። የከተማው ምክር ቤት አባላችን ዘንድ አብረን እንሂድ። ዕቃ የሚያነሱት ሠራተኞች ከመጫናቸው በፊት ወረቀትና መድኃኒት እዚያው ይለዩ፤ ባለቤቱ ካለ ይስጡት፣ ከሌለ ለብቻው አሽገው ያኑሩት። ይሄን እኔ ብቻዬን ብጠይቅና ደጃፏን ስታጥብ የምታረፍድ ባለሱቅ ብትጠይቅ እኩል አይሰማም።

ሌላው በእጃችን ያለ ነው። ሰፈራችን ከ2002 ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሏል። በማታ ሥራዬ የማገኛቸው፣ ድንኳን ውስጥ የሚያድሩ ሦስት የአገራችን ልጆች አሉ። ሦስቱም ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ አስረው ነው የሚተኙት። ቤተ ክርስቲያን ይሁን መስጊድ፣ ዕድር ይሁን ምግብ ቤት፣ ወረቀት የሚቀመጥበት አንድ ጥግ ቢሰጠን ይበቃል። ባለ 12 መሳቢያ የብረት ካቢኔ ገዝቻለሁ፣ እያንዳንዱ መሳቢያ ቁልፍ አለው። አሁን ጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ቆሟል። ስልኬን ዝግጅት ክፍሉ ያውቀዋል፤ ቦታ ያለው ሰው ይደውልልኝ፣ አምጥቼ የምተክለው እኔ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከሎስ አንጀለስ