ካሳው ላሟን አይተካም

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣ በከብት ቲቢ ተይዛለች ተብላ ለምትታረድ ላም ስለሚከፈለው ካሳ ሁሌ የሚወራው በመንግሥት በኩል ብቻ ስለሆነ እስቲ የኛንም ስሙን ብዬ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ይመጣል፣ አንገቷ ላይ ፀጉሯን ላጭቶ የቲቢ መመርመሪያውን ይወጋታል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ተመልሶ እብጠቱን ይለካል፣ በቃ ጥቂት ሚሊሜትር ናት የላሟን ነገር የምትወስነው። የኔዋ ሳል የላት ክሳት የላት፣ ጠዋት ባልዲ ሙሉ ታልባለች፣ ሊወስዷት ሲመጡ የምትታለብ መስሏት ራሷ ሄዳ ቆመችላቸው። በሽታው በጥሬ ወተት ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አውቃለሁ፣ መወገዷንም አልተቃወምኩም። ግን ካሳው ሲሰላ አማካይ ዋጋ ተብሎ ከሰንጠረዥ ይነበባል፣ እርጉዝ ትሁን፣ ስንት ሊትር ትስጥ፣ ዘሯን ለማሻሻል ስንት ዓመት እንደፈጀ ማንም አይጠይቅም። የቀሩት ከብቶች ደግሞ ተመርምረው ነፃ እስኪባሉ መሸጥ ክልክል ነው፣ መኖ ግን ይበላሉ፣ ብድሩም አይጠብቅም (ባንክ ቲቢ ምናምን አያውቅም)፣ ለዚህ የሚከፈል ሳንቲም የለም። ቢያንስ ግምቱ ላሟ በረት ውስጥ እያለች ባለቤቷ ባለበት ይሠራ፣ የሚከፈልበትም ቀን በጽሑፍ ይሰጠን። ከታረደች በኋላማ ምን አይነት ላም እንደነበረች ከማን ጋር ነው የምከራከረው?